አረም የሌለው ኩሬ

ኮፐር ክሪክ፣ አላባማ
ጁን 19 ቀን 1978

ይድረስ ለእትዬ ሉዴላ፤

ሁለት ደብዳቤ ልከሽ አንድም መልስ አላገኘሽም፤ እውነትሽን ነው። በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ የኩሬው ዓሣ፣ የባሱም ነው። ጁን ገብቶ ውሃው ከሞቀ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኩሬው ዳር ያልተገኘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጸጸት ነው የሚውለው። ከዚያ ፀሐይዋ ትከርራለች፣ ቲማቲሙ ውሃ አጠጣኝ ይላል፣ ማታ ብዕር ሳነሣ ዓይኔ ክድን ይላል።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። የደም ግፊት ክኒኔን እውጣለሁ። ሁሉንም ቀን ነው ብል እዋሻለሁ፤ አብዛኛውን ቀን። ከኮሪን ስፒርስ ጋር ምንም ነገር የለም፤ ጎረቤቴ ናት፣ የኮክ ኬክ ስትጋግር ታመጣልኛለች፣ ስልክ ሲመጣልኝ አጥሩ ላይ ሆና ትጣራለች፣ አለቀ። ሚስቴ ሜሚ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብቻዬን መብላት ለምጃለሁ። የአባባን ቤት በር አስተካክዬዋለሁ፤ ምድጃውም ይሠራል።

ስለ ጉልበትሽ ሕመም የጻፍሽልኝ ግን አሳስቦኛል። ጀልባ ላይ መውጣት ካልቻልሽ ከዳር ሆነሽ መወርወርሽ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ከዳር አይሞከርም። አረሙ እንደዚህ በዝቶ አያውቅም። ከአባባ ግድብ እስከ አኻያው ዛፍ ድረስ የውሃ አበባው ቅጠል ተነባብሮ፣ ዶሮ ብትለቂበት እግሯ ሳይረጥብ ትሻገራለች። መንጠቆ ከዳር ወርውረሽ የምትስቢው ለከብት የሚበቃ ሣር ነው።

ባልቴቷ፣ ያቺ ትልቋ ባስ፣ እንዳለች አለች። ባለፈው ማክሰኞ የማጥመጃ የጎማ እንቁራሪቴን ቅጠሉ ላይ ቀስ እያልኩ ስጎትት፣ አንዴ ቆም አደረግኋት፣ እንደገና ጎተትኩ፣ ያኔ ቅጠሉ ከሥሩ ብድግ አለልሽና ቧ! ዘንጌ ጎበጠ። ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ወጣ ያልኩት አንድ ክምር አረም ሆኖ ተገኘ፤ እሷ ሄዳለች። አሥራ አምስት ፓውንድ ትሆናለች፤ በጣም ብታንስ አሥራ አራት። ኮሪን ምስክሬ ናት፤ ድምፁን ከጓሮዋ ሰምታለች።

ስትመጪ ዳር ላይ ወንበርሽን ዘርግተሽ እንደ ልብሽ ትወረውሪያለሽ። እንዴት የሚለውን ለእኔ ተይው።

ታናሽ ወንድምሽ
አርዜል ቲልማን


ዲትሮይት፣ ሚሺጋን
ጁላይ 7 ቀን 1978

አርዜል፤

ደህና ነህ ወይ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ፋብሪካው ውስጥ ማራገቢያው ተበላሽቶ የመኪና ወንበር የምንሰፋው ሴቶች ፎጣ አንገታችን ላይ ጠምጥመን ነው የምንውለው። ሃያ አንድ ቀን ቀረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቼ ሃያ አንድ ቀን አልገፋ አለኝ። ትናንት አለቃችን ጡረታ ወጥተሽ ምን ልትሠሪ ነው አለኝ፤ ባስ ላጠምድ ነው ስለው ሳቀ። ይሳቅ።

ቤቱን የሚገዙት ልጆች ወስነዋል። ፊርማው ኦገስት 17፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከፈረምኩ በኋላ ዲትሮይት ውስጥ ጥላ የሚሆነኝ የለኝም፤ ስለዚህ የአባባ ቤት ጣሪያ ካፈሰሰ አሁኑኑ ንገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለጠየቅኸኝ ነገር መልሴ አይሆንም ነው። በመኖ ሱቁ አዲስ መጣ ያልከውን የአረም መድኃኒት እንዳትነካው። አረሙ ለእኔና ለአንተ ጣጣ ነው፤ ለባሱ ቤቱ ነው። ጥላው እዚያ፣ አድብቶ የሚበላው እዚያ። ደግሞ በጁላይ! በዚህ ሙቀት አረሙ ባንዴ ከሞተ ባንዴ ይበሰብሳል፣ የሚበሰብስ አረም የውሃውን አየር ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። የሆሊሶች ኩሬ በ1958 ምን እንደሆነ በዓይንህ አይተሃል፤ ቄሱ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ነው ሰንበት ያስተማሩት። ሰዎች ይህንን ሲሠሩት እንኳን ሲሶውን ይረጩና ሁለት ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ያውም በጸደይ።

እኔ የምፈልገው ይህ ነው፤ ከአኻያው አጠገብ በመንሽ የአንድ አልጋ ስፋት ያህል አረም ነቅለህ በር ክፈትልኝ። በበሩ ጠርዝ ጠርዝ እወረውራለሁ። ሌላውን አትንካ። ያንተን ችኮላ ስለማውቅ ነው ደግሜ የምጽፈው፤ አትንካ።

ክኒንህን ዋጥ። ስለ ኮሪን አለቀ ያልከውን አላመንኩም።

እህትህ ሉዴላ


ኮፐር ክሪክ
ጁላይ 17 ቀን 1978

ይድረስ ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ተቀብዬዋለሁ። ዛሬ አላበዛም። መንሽ ስይዝ ሰንብቼ መዳፌ ውሃ ቋጥሯል፤ ጓሮ ስጠርግ ነው።

ስለ አረሙ አታስቢ፤ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም። ከዳር ሆነሽ መወርወር ትችያለሽ። ጣሪያው አያፈስም።

ዓሣውም ደህና ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረድ ብዬ ሦስት ያዝኩ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፓውንድ ቢሆኑ ነው። ሁለቱን ለቀቅኩ፣ አንዱን በላሁ። ባልቴቷን ሰሞኑን አላየኋትም።

ኮሪን ስለ ሽታ ምናምን ብላ ብትጽፍልሽ፣ ጥጃ ሞቶ ነው። ቀብረነዋል።

ሙቀቱ በርትቷል። ዝናብ የለም።

ወንድምሽ አርዜል


ዲትሮይት
ጁላይ 26 ቀን 1978

አርዜል፤

ምን ሆነሃል? እውነቱን ንገረኝ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ባስ ይዤ ሁለት ሁለት ፓውንድ ነበሩ ትለኛለህ። አንተ ልጅ፣ ከተወለድክ ጀምሮ የያዝከው ዓሣ ሁለት ፓውንድ ሆኖ አያውቅም! ሁለት የሆነው አንተ ዘንድ አራት ነው፣ አራቱ ሰባት ነው፣ ያመለጠህማ አይነሣ። ሜሚ ነፍሷን ይማርና፣ አርዜል ሲናገር በሁለት አካፍዬ ነው የምሰማው ትል ነበር። ዓሣ አጥማጅ ክብደት መዋሸት ያቆመ እንደሆነ ወይ ታሟል፣ ወይ የባሰ ነገር ዋሽቷል።

ደግሞ እሑድ ነው ያልከኝ። ዲያቆን አይደለህም እንዴ? እሑድ መንጠቆ ይዘህ ብትታይ ጉባኤው ስምህን ከመዝገብ ይፍቀው የለም? በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ በጁላይ ፀሐይ! በዚያ ሰዓት የሚበላ ባስ አላውቅም። ጥጃስ የማን ጥጃ ነው? አንተ ከብት የለህ፤ ኮሪን ያላት ዶሮ ነው።

ቅዳሜ ኮሪን ቤት ደወልኩ። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ምጣዴ ተቃጠለ ብላ ዘጋችብኝ። ኮሪን በዕድሜዋ ስልክ ቶሎ ዘግታ አታውቅም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብትለኝም እጎረጉራለሁ። ልብህ ነው? እንደ አባባ ደረትህን ይዞህ ነው? ሐኪም ምን አለህ? ደብቀኸኝ ሬሳህ ላይ ከምደርስ አሁን ብታሳዝነኝ ይሻለኛል።

አርብ የፋብሪካው የመጨረሻ ቀኔ ነው። ኬክ ሊቆርሱልኝ ነው። ሐሳቤ ሁሉ አንተ ዘንድ ሆኖ ኬኩ አይጥመኝም።

ሉዴላ


ኮፐር ክሪክ
ጁላይ 31 ቀን 1978

ይድረስ ለእትዬ፤

አልታመምኩም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ልቤ እንደ በቅሎ ነው። ላስጨነቅሁሽ ይቅርታ። እንኳን ለጡረታሽ አበቃሽ፤ ኬኩ ምን ዓይነት እንደነበር ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ሳስብ ነበር። ስለ ቤቱ ፊርማ፣ ምን ያስቸኩላል? ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርሽበት ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያንሽ እዚያ፣ ወዳጆችሽ እዚያ። እስከ ጸደይ ብትቆዪስ? ወይም እስከሚቀጥለው ዓመት። ጣሪያው አያፈስም ብዬሽ ነበር፤ ለካ በአንድ በኩል ትንሽ ያፈስሳል። ክረምቱም እዚህ እርጥብ ነው፤ ለጉልበት አይሆንም። የሚገዙት ልጆች ከፈለጉሽ ይጠብቁሻል።

እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ሌላ ነገር አይደለም።

ለጠየቅሽኝ ለሌላው ነገር ሁሉ መልሱ ደህና ነው።

ወንድምሽ አርዜል


ዲትሮይት
ኦገስት 7 ቀን 1978

አርዜል፤

ገባኝ።

እናታችን ስትሞት አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። ፀጉርህን እየቆረጥኩ፣ ሱሪህን እየጠቀምኩ አሳድጌሃለሁ። መንጠቆ ላይ ትል ማሰር ማን አስተማረህ? በቅጠል ላይ እንቁራሪት እንዴት እንደምትጎተት ማን አሳየህ? ለብድር አይደለም የምቆጥረው፤ ብቻ አትምጪብኝ ብለህ ፊት ለፊት የምትነግረኝን ያህል ድፍረት እንዲኖርህ አድርጌ ያሳደግሁህ ይመስለኝ ነበር።

ጁን ላይ በሩን አስተካከልኩ፣ ወንበርሽን ዘርጊ አልከኝ። ጁላይ ላይ ጣሪያው አያፈስም። አሁን ያፈስሳል፣ እርጥብ ነው፣ ዲትሮይት ቆዪ። ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ከኮሪን ጋር ልትኖርና እኔ መሐል እንዳልገባ ከሆነ፣ በል ንገረኝ፤ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም። ብቻህን መኖር ለምደህ ከሆነም ንገረኝ። ግን ጣሪያ እያልክ አታድክመኝ።

ፊርማውን አላዘገይም። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት፣ የት ትግባ? ከቤተ ክርስቲያናችን ሚስ ኦዴሳ ትርፍ ክፍል አለኝ፣ ነይ ከእኔ ጋር አርጂ ብላኛለች። አርብ፣ በፊርማው ማግስት መልስ ስጪኝ ብላለች። እስከዚያ ካንተ ቁርጥ ያለ ነገር ካላገኘሁ ወደ እሷ ዘንድ እገባለሁ፤ ኮፐር ክሪክንም ከእንግዲህ አላነሣም።

አንድ ገጽ ይበቃኛል። እውነት ከሆነ ግማሽ ገጽም ይበቃል።

ሉዴላ


ኮፐር ክሪክ
ኦገስት 14 ቀን 1978

ይድረስ ለእትዬ፤

ኩሬውን ገድዬዋለሁ።

ይችን አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀብኝ። አሁን ሌላውን ልጻፈው።

ስለ መድኃኒቱ ጠይቄሽ መልስሽን አልጠበቅኩም። ቅዳሜ ጁላይ 8 መኖ ሱቅ ሄጄ አራት ጀሪካን ገዛሁ። ሰኞ ጠዋት ጀልባዋን አወጣሁና በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቱንም ከዳር እስከ ዳር አፈሰስኩት። ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበረ፤ መነጽሬ ቤት ስለነበረ አላነበብኩትም። ብመለስ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። እውነቱን ለመናገር መነጽሩ ቢኖርም የማነበው አይመስለኝም። የሆሊሶችን ኩሬ ረስቼ አይደለም፤ የእነሱ ሞኝነት ነው፣ እኔ አውቃለሁ ብዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔው እንኳን አይለቀምም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ፣ በማግስቱ ነው። የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አረሙ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ዓሣው ይዘላል። "አትንካ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚመጣ ዐውቄ ሦስት ቀን ተቀምጬ ጠበቅኩት። ያንን ሦስት ቀን ለጠላቴም አልመኝ።

ረቡዕ አረሙ ቡናማ ሆነ። ሐሙስ ሰመጠ። ውሃው ከአባባ ዘመን ወዲህ እንደዚያ ጥርት ብሎ አላየሁትም። ወንበር አምጥቼ ካንቺ ቦታ ላይ ተቀመጥኩና ወረወርኩ፤ መንጠቆው መሐል ድረስ ሄደ፣ ምንም አልያዘውም። እንዲህ ትወረውራለች ብዬ አሰብኩ። ምናልባት እኔ ላይ አይደርስ ይሆናል ብዬም አሰብኩ።

አርብ ጠዋት ባሱ የሚበላቸው ትንንሾቹ ዓሦች፣ ብሪሞቹ፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ሲለምኑ አገኘኋቸው። ጀልባዋን ሞተሯን አስነሥቼ ውሃውን ላናውጠው ብዬ ስዞር ዋልኩ። ኮሪን የጉድጓዷን ፓምፕ አምጥታ ውሃ ስትረጭ ዋለች። እኩለ ቀን ላይ ባሶቹ ጀመሩ። ቅዳሜ ጠዋት ከግድቡ እስከ አኻያው ነጭ ሆድ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን በመንሽ እየዛቅን በጋሪ እያመላለስን ከፔካን ዛፎቹ ኋላ ቀበርናቸው። እሑድ ስብከት ላይ አልነበርኩም፤ እየቀበርኩ ነበር። እሑድ ያልኩሽ ለዚያ ነው፤ ሌላ ቀን አልመጣልኝም። ጥጃም የለም። ኮሪንን አትቀየሚያት፤ ለምኜ አስምያታለሁ፣ አንድ ሳምንትም አኩርፋኛለች።

ባልቴቷ ከግድቡ ሥር ነበረች። ከመቅበሬ በፊት ሚዛን ላይ አደረግኋት። አሥራ አንድ ፓውንድ ከሩብ። አሥራ አምስት አልነበረችም፣ አሥራ አራትም አልነበረችም። ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ነው የምነግረው።

ስለ ጣሪያው የጻፍኩትም ውሸት ነው። አያፈስም። ከኮሪን ጋር ልኖርም አይደለም፤ ብጠይቃትም አሁን እሺ አትለኝም። አትምጪ ማለቴ አልነበረም። ላንቺ መናገር አቃተኝ፣ ሳትነግረኝ ቤቴን ሸጥኩ እንዳትዪኝም ፈራሁ፣ በሁለቱ መሐል ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እትዬ፣ እዚህ የነበረው ኩሬው ነው። ኩሬው ከሌለ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእኔ ብሎ ከዲትሮይት የሚመጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ከሐሙስ በፊት ይድረስልሽ ብዬ ፖስታ ቤት ድረስ ራሴ ይዤው ልሄድ ነው። ስልክ ላይ መናገር እንደማልችል ዐውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ የኮሪንን ስልክ አንሥቼ መልሼዋለሁ።

አርዜል


ዲትሮይት
ኦገስት 19 ቀን 1978

አርዜል፤

ደብዳቤህ ዛሬ፣ ቅዳሜ ደረሰኝ። ሐሙስ ፈርሜያለሁ። አርብ ለሚስ ኦዴሳ መጣሁ ብያታለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሄጄ ቀረሁ አልኳት።

አሁን ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ከጻፍኩ የማይጻፍ ነገር እጽፋለሁ። አውቶቡሱ ረቡዕ ኦገስት 30፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማ ይገባል። ሦስት ሻንጣና አንድ ዘንግ ይዣለሁ።

ሉዴላ


(ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተተወ)
ኦገስት 29 ቀን 1978

ይድረስ ለእትዬ፤

እንኳን ደህና መጣሽ። ኮሪን ከአውቶቡሱ ትቀበልሻለች። ጥርሴ በጣም ስላመመኝ በርሚንግሃም የአጎታችን ልጅ ሮስኮ ዘንድ ሄጃለሁ፤ እዚያ ደህና ሐኪም አለ። ትንሽ ልቆይ እችላለሁ። የሮስኮ አድራሻ ከስኳሩ ዕቃ ሥር አለ።

አልጋሽ ተነጥፏል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አተርና የበቆሎ ዳቦ አለ። ባሚያው ከጓሮ ነው። ከኩሬው ዳር ስትወርጂ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ይቅርታ።

አርዜል


ኮፐር ክሪክ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1978

አርዜል፤

የጥርስ ሐኪሙ እንዴት ነው? ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚታመም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለቱንም ረድፍ በ1971 አስወልቀህ ፎቶ ልከህልኛል።

ከበርሚንግሃም ልከህ ትናንት የደረሰኝን ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ፤ ለጠየቅኸኝ መልስ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ያየሁትን ልንገርህ። ረቡዕ ሻንጣ ሳላወርድ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ኮሪን ቆዪ ብትለኝ አልሰማኋትም። አየሁት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለዓሣ ነው የማለቅሰው ብዬ አፈርኩ፣ ከዚያ ማፈሬን ተውኩና አለቀስኩ። ስምህንም ጠርቼ የተናገርኩትን ኮሪን ሰምታለች፤ ልትነግርህ ትችላለች፣ ሁሉም እውነት ነው።

ከዚያ ሦስት ማታ እየወረድኩ ወረወርኩ። መወርወሩስ ልክ ብለሃል፣ ድንቅ ነው። ጉልበቴም አላመመኝም፤ ምንም የሚይዝ የለም፣ ምንም የሚነክስም የለም። አንድ ኤሊ ብቻ ግንድ ላይ ሆኖ ያየኛል።

እንግዲህ ጥያቄህ። ተናድደሻል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ገና ነኝ፤ እስከ ገና በዓል ሳልቆይበት አልቀርም። ትሄጃለሽ ወይ ላልከው፣ የት እሄዳለሁ? ቤቴን ሸጬ፣ ለኦዴሳ ቀረሁ ብዬ የመጣሁት እኮ ደብዳቤህን አንብቤ ነው። ኩሬው መሞቱን ዐውቄ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ለእኔ ብሎ ማን ይመጣል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ስነሣ ግማሹን ለኩሬው፣ ግማሹን ለአንተ ብዬ ነው። መጥቼ ሳይ ኩሬው ሞቷል፣ አንተ በርሚንግሃም ነህ። ታዲያ እኔ እዚህ ከማን ጋር ነኝ?

ስለዚህ ስማኝ። ከመኖ ሱቁ ሰውዬ ጋር ተነጋግሬያለሁ። መጀመሪያ ውሃውን የሚያስተካክል ኖራ ያስፈልጋል፤ ከጀልባ ላይ በአካፋ ይበተናል፣ እኔ ጀልባ ላይ አልወጣም፣ ኮሪን ውሃ ትፈራለች። ያንተ ሥራ ነው። የዓሣ ጫጩት የሚያመጣው መኪና ኦክቶበር 11 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ በር ይቆማል፤ ብሪሞቹን ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል አስረው ይሰጡናል። ባሶቹን የምንጨምረው የሚመጣው ጁን ነው፣ ብሪሙ ወልዶ የሚበሉት ካገኙ በኋላ። አረሙ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስ እጅህን ሱሪህ ኪስ ውስጥ አድርገህ ታየዋለህ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12፣ ኖራው ይመጣል። በዋዜማው ሰኞ እዚህ ሁን። ኮሪን አጥሩ ላይ ሆና መንገድ መንገዱን ስታይ ነው የምትውለው፤ ለእሷም አንድ ነገር በል። ስትገባ ምን ልበላት እያልክ መንገድ ላይ አትጨነቅ፤ የምትለውን ብለሃል፣ እኔም ያልኩትን ብያለሁ፣ እራት ላይ ትቀመጣለህ።

መኖ ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ እማማ፣ ባሶቹ ለመንጠቆ እስኪበቁ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ይሆንዎታል አለኝ። ባልጠብቃቸውም ሰባ ዓመት ይሆነኛል አልኩት።

እህትህ ሉዴላ